የሰሜን ኮከብ ደማቁ አይደለም

ወንድሜ፣ ከሐዋሳ ወጣ ብለን ድንኳን ተክለን ከዋክብት ፎቶ እንድናነሳ ማሰብህ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ላርምህ። «ከሁሉም ደምቆ የሚታየው የሰሜን ኮከብ ነው» ብለሃል። አይደለም። በድምቀት ከ40ኛም በኋላ ነው የሚመጣው። በሌሊት ሰማይ ደማቁ ኮከብ ሲሪየስ ነው።

የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ያለው ርቀት) ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሐዋሳ 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እጅህን ዘርግተህ ብትጨብጥ የኮከቡ ከፍታ ከቡጢህ ስፋት በታች ነው! ኮረብታ ቀርቶ ዛፍ ይጋርደዋል። እኔ አንዴ ግማሽ ሌሊት ስፈልገው ለካ ከግራር ጀርባ ነበር።

ስለዚህ ከዋክብት በዙሪያው ሲዞሩ ፎቶ ላይ የሚተዉትን ክብ መስመር (የከዋክብት ዱካ) ለማንሳት ሰሜኑ ገላጣ የሆነ ቦታ እንምረጥ። ኮምፓስም ያዝ።