የክፍሉ ቴሌግራም የልጆቹም ይሁን

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የክፍሏ የቴሌግራም ግሩፕ ስልኬ ላይ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። «ውድ ወላጆች፣ የዛሬው የቤት ሥራ ሒሳብ ገጽ 47።» የገጹ ፎቶ ይከተላል። ከዚያ የክፍያ ማስታወሻ ይመጣል። እኛም «እሺ ቲቸር፣ እናመሰግናለን» እንላለን። ድሮ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ይጻፍ የነበረው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ይህን አልጠላውም። «ደብተሬን ረሳሁት» የሚባል ነገር ቀርቶልናል።

ባለፈው ግን ግሩፑን ወደ ኋላ ሄጄ ከመስከረም ጀምሮ አየሁት። ልጆቹ የጻፉት አንድም ነገር የለም። ስለ እነሱ ይወራል፤ እነሱ የሉበትም።

እኛ አገር ቴክኖሎጂ ክፍል ውስጥ ሲገባ ልጁን አድማጭ አድርጎ ነው የሚገባው። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ የመጣበት ትውልድ ያስታውሰዋል። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ያልፋል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰንም ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ። ያኔም ልጆቹ ተቀባይ ብቻ ነበሩ።

የትምህርት ቤቱን የተማሪዎች ሬዲዮ፣ ሚኒ ሚዲያን፣ እናስታውስ። አንድ አሮጌ ማይክ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ በእረፍት ሰዓት ግጥሙን የሚያነብ ልጅ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ግን ማታ ግጥሙን ደጋግሞ አንብቧል፤ ቃል ቀይሯል፤ እህቱን «ይህ ይሻላል?» ብሎ ጠይቋል። ለምን? የሚሰማው ሰው ስላለ ነው። ለቀይ እስክሪብቶ ብቻ የተጻፈ ድርሰት እንዲህ አይለፋበትም።

ሴለስታን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር ይህን ቀድሞ አይቶታል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባውን ጎድቶት ስለነበር ብዙ መናገር ያደክመው ነበር። በደቡብ ፈረንሳይ ባር ሱር ሉ በተባለች መንደር ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ትንሽ ማተሚያ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አስገባ። ልጆቹ ስለ ራሳቸው ኑሮ ጻፉ፤ የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ አተሙት። በኋላም በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ብሪታኒ ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ጽሑፍ ተለዋወጡ። አይተዋቸው የማያውቁ ልጆች ያነቧቸው ጀመር። ያን ጊዜ ማተሚያ መግዛት ነበረበት። ዛሬ ማተሚያው በየመምህሩ ኪስ ውስጥ አለ።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ከግሩፑ ሌላ ለክፍሉ አንድ የግል ቻናል ይከፈት። የሚለጥፈው መምህሩ ብቻ ይሁን፤ ሊንኩ የሚላከው ለቤተሰብ ብቻ። በሳምንት ሁለት የልጅ ጽሑፍ ይበቃል። የአባት ስም አይጻፍ፤ የፊት ፎቶ አይኑር። የልጅ ገጽ ማስታወቂያ መሆን የለበትም፤ ይህን ለግል ትምህርት ቤቶች ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ጽሑፉም እዚያው ክፍል ውስጥ ይጻፍ። ቤት ከተላከ የምንጽፈው እኛ ወላጆች ነን፤ እንተዋወቃለን።

መምህራን ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ስልሳና ሰባ ልጅ የያዘ መምህር ላይ ሌላ ሸክም መጫን ግፍ ነው። ስለዚህ የኢንተርኔት ጥቅሉን ትምህርት ቤቱ ይግዛ፤ ለዚህ ሥራም ከክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። ስማርት ስልክ የሌለው ቤተሰብም አለ። ለእሱ ያው ጽሑፍ አርብ አርብ በር ላይ ይለጠፍ።

በቴሌግራም ድምፅም መላክ ይቻላል፤ እኔን በጣም የሚያጓጓኝ ይህ ነው። እናቱ ጅዳ ወይም ቤይሩት ሠራተኛ የሆነች ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። እናትየዋ የወር ክፍያውን ትልካለች፤ ውጤቱን በስልክ ትሰማለች። ልጇ የጻፈውን በራሱ ድምፅ ሲያነብ ግን መቼ ሰምታ ታውቃለች? ማታ ሥራዋን ጨርሳ ደጋግማ ትሰማው ነበር።

ልጄ ሰሞኑን ስለ ጎረቤታችን በግ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። በጉ በፋሲካ ዋዜማ ገመዱን በጥሶ እንዴት እንዳመለጠ። መምህሯ ከ10 ዘጠኝ ሰጥታታለች። እስካሁን ያነበብነው መምህሯና እኔ ብቻ ነን።