ጋራዥ ከፈተ አሉ

ደሴ በገባሁ በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በር ላይ አስቆሙኝ። "ፍሬኗ አልይዝ ብላለች፤ እስቲ ብቅ በልና እያት" አሉኝ። መኪናቸውን ነው። ግራ ገብቶኝ ሳያቸው "ባለጋራዥ ሆነሃል አሉ እኮ!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ የመኪና ኮፈን እንኳን በአንድ ሙከራ መክፈት አላውቅም።

ሳጣራ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ። ዓመቱን ሙሉ ለእናቴ በስልክ "ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ነው የምውለው" እያልኩ ከርሜያለሁ። እሷ ለእህቴ ነገረች፣ እህቴ ለሰፈሩ። በኛ አገር ጋራዥ ማለት ዘይት የጠገበ ቱታ፣ ክሪክና "ቁልፍ አስራ ሦስት አምጣ!" እያለ የሚጮህ መካኒክ ነው። እኔ በምኖርበት አሜሪካ ግን ጋራዥ የቤቱ አንድ ክፍል ነው። መኪና ያድርበታል ይባላል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ የሚያድርበት ካርቶን ነው።

የምውልበት ጋራዥ የአብሮ አደጌ ነው። ሆጤ ሜዳ ላይ በባዶ እግራችን ኳስ ስንለጋ ያደግን ልጆች ነን። ዛሬ ሁለታችንም ሚኒሶታ ነን። የሥራ ባልደረቦቹ ጎልፍ አስለመዱትና ሰውዬው ለከፈው። ችግሩ ሚኒሶታ ውስጥ ከኅዳር እስከ መጋቢት ሜዳው በረዶ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ሰው ወደ ቤት ውስጥ ጎልፍ ይገባል። ፕሮጀክተር የሜዳውን ምስል ሸራ ላይ እያበራ፣ ኳሷን ወደ ሸራው እየመቱ የሚጫወቱበት፣ በሰዓት የሚከራይ ቤት አለ። እሱም እዚያ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ግን "ተራ መጠበቅ ሰለቸኝ፤ ጋራዤን ጎልፍ አደርገዋለሁ" አለኝ። ይህን "ተራ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ሥራው ቀላል መስሎን ነበር። የጎልፍ ዱላ ከራስ በላይ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጣሪያው ሦስት ሜትር ግድም ቢሆን ይመረጣል፣ ቢያንስ 2.7። ለካን፣ 2.7 ሆነ። ተቃቅፈን ተደሰትን። የረሳነው ነገር የአሜሪካ ጋራዥ በር ወደ ላይ ተስቦ ጣሪያው ሥር እንደሚተኛ ነው። የሚንሸራተትበት ሐዲድና የሚስበው ሞተር መሃል ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለዋል። አብሮ አደጌ የመጀመሪያዋን ዱላ በወኔ ሲያነሳ ሐዲዱን አገኘው። ቋ! ሚስቱ ከውስጥ "ምን ፈረሰ?" አለች። ሐዲዱ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ከፍ እንዲል፣ ሞተሩም ተነቅሎ ከበሩ ጎን ግድግዳ ላይ እንዲገጠም ተደረገ። ይሄ ብቻ ሁለት ቅዳሜ በላ።

ወለሉም የራሱ ተንኮል ነበረው። ከመኪናው የሚቀልጠው በረዶ ወደ ውጭ እንዲፈስ ተብሎ ወደ በሩ በትንሹ ያዘነብላል። መኪና ለሚያቆም ሰው አይታወቅም። ኳስ ስታስቀምጥ ግን ቀስ እያለች ትሄድብሃለች። እንጨት ደርድረን፣ ውሃ ልክ እየጣልን አስተካከልነው። ከላይ ሰው ሠራሽ ሣር አለበስነው።

ከዚያ ሸራው። የጎልፍ ኳስ 46 ግራም አትሞላም፤ የደንብ መቺ ግን በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋታል። እኛ ሸራውን እንደ ከበሮ ወጠርነው። አማረን። ኳሷ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የኔን ጉልበት መረጠች። ለሁለት ሳምንት አነከስኩ። ለካ ሸራው ላላ ማለት፣ ከኋላውም ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት።

ዋናው ዕቃ ኳሷን የሚለካው መሣሪያ ነው። አንዳንዱ በራዳር ይሠራል፣ ከመቺው ኋላ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ይቀመጣል። አንዳንዱ በካሜራ ነው፣ ኳሷ ጎን ይቀመጣል፤ ጠባብ ቤት የሚመቸው እሱ ነው። ኳሷ ተመትታ ሸራውን እስክትነካ ባለችው ቅጽበት ፍጥነቷን፣ አነሳሷን፣ በደቂቃ ስንት ሺህ ጊዜ እንደምትሽከረከር ያነባል። የቀረውን ጉዞ ኮምፒውተር አስልቶ ሸራው ላይ ያሳይሃል። ስኮትላንድ ያለውን የሴንት አንድሩስ ሜዳ መምረጥ ትችላለህ፤ አንድ ሙሉ የጎልፍ ጨዋታ 18 ጉድጓድ የሆነው እዚያ በ1764 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመሣሪያው ዋጋ ከ500 ዶላር ይነሳና 20 ሺህ አልፎ ይሄዳል። አብሮ አደጌ መካከለኛውን ያዘ። ሸራው፣ ፕሮጀክተሩ፣ ማሞቂያው፣ ሣሩ ተደምሮ 9 ሺህ ዶላር ግድም ወጣ። ለእህቴ በብር መንዝሬ ስነግራት ከሚሊዮን በላይ መሆኑን ሰምታ ረከቦቱ ላይ ያነሳችውን ሲኒ መልሳ አስቀመጠችው።

መኪናዋስ? መኪናዋ ውጭ ታድራለች። ከዜሮ በታች ሃያ ሲሆን አብሮ አደጌ በጠዋት ተነስቶ መስታወቷ ላይ የጋገረውን በረዶ ይፍቃል። የጎልፍ ኳሶቹ ውስጥ ማሞቂያ ሥር ተደርድረው ተኝተዋል።

አንድ ደስ ያለኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፕሮግራሙ የሜዳውን ከፍታ እንድትሞላ ይፈቅድልሃል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ርቃ ትሄዳለች። አንድ ማታ ዝም ብሎ 2500 ሜትር ብሎ ጻፈ። ደሴን ማለቱ ነው። በፊት 200 ሜትር የምትሄድለት ኳስ 220 ገደማ ሄደች። "አየህ፣ ያገሬ አየር ያግዘኛል!" ብሎ ጨፈረ። ኮምቦልቻ ብትወርድ ግን ይቀንስብሃል አልኩት። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወርዶ ሐረጎን ካለፉ በኋላ ከፍታው 1850 ገደማ ነው። "ኮምቦልቻ አልጫወትም" አለ። ያን ማታ ሁለት የደሴ ልጆች በሚኒሶታ ጋራዥ ውስጥ የጦሳ ተራራችንን አየር በቁጥር ስንተነፍስ አመሸን።

ግን አንድ ነገር እያስተዋልኩ መጣሁ። ብቻውን ሲጫወት 18ቱን ጉድጓድ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል። አራት ሆነን ስንጫወት አራት ሰዓት ይፈጃል። እሱ ይሄን ለብቻ መጫወት እንደሚሻል ማስረጃ አድርጎ ነው የሚያወራው። "ተራ የለም፣ ወሬ የለም፣ ታክ ታክ ታክ!" ቅዳሜ እኔ ስሄድ እንኳን አንዳንዴ ጨርሶ ነው የሚጠብቀኝ።

ወደ ደሴ ልመለስ። እህቴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው ቤቷ። ባሏ ቤቱን ሲሠራ አጥሩ ጥግ ላይ፣ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ለመኪና የሚሆን ክፍል አስገባ። ሰውዬው ሐሳቡ ሰፊ ነው። "አይሱዙ ብንገዛስ?" ብሎ በሩን ከፍ አድርጎ አስለካው። አይሱዙም አልተገዛ፣ ቪትዝም አልተገዛ። ክፍሉ መጀመሪያ ሱቅ ሆነ። ከዚያ ዶሮ ገባበት፤ ደሴ ብርዷን ታውቋታላችሁ፣ ጫጩቶቹ አልቻሉትም። አሁን ለአንድ ወጣት ተከራይቶ ፕሌስቴሽን ቤት ሆኗል።

ስገባ ሳቄ መጣ። አብሮ አደጌ ሚሊዮን ብር ያወጣበት ነገር ነው እኮ! ጋራዥ፣ ውስጡ ስክሪን፣ ስክሪኑ ላይ የሌለ ሜዳ። ሁለት ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ አንድ አግዳሚ ወንበርና የቢራ ሳጥኖች። ጆይስቲኮቹ በፕላስተር ተጠቅልለው ተጠቅልለው ክርናቸው የተሰበረ ሰው መስለዋል። አራት ልጅ ይጫወታል፣ አስራ አራቱ ያሠለጥናል። "አቀብል! አቀብል እንጂ! አይ አንተ!" ሕጉ በካርቶን ተጽፏል፦ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የተሸነፈ ይከፍላል። አንድ ጌም ሃያ ብር። እኛ ልጅ ሳለን ጆተኒ ላይ የነበረው ሕግ ራሱ ነው። ያኔ ኳሶቹ እንዳይወድቁብን ጎሉን በሹራብ እንወትፈው ነበር።

ልማድ ሆኖብኝ ሜትር ተውሼ ክፍሉን ለካሁት። ቁመት 3.20። ወርድ አራት። ርዝመት ስድስት ተኩል። ሐዲድ የለ፣ ሞተር የለ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ተራ የላሜራ በር ነው። ለጎልፍ እንዲህ የሚሆን ጋራዥ ሚኒሶታ ውስጥ አላየሁም። የአይሱዙው ሕልም ሳይታወቅ ለጎልፍ ሠርቶታል። ተከራዩ ልጅ ስለካ አይቶ ደነገጠ፤ ላስወጣው የመጣሁ መሰለው። "አብሽር" አልኩትና ስለ አብሮ አደጌ ጋራዥ አወራሁለት። ቪዲዮውንም አሳየሁት። ሳይጨርስ ገባው። "ጋሼ፣ በኳስ ነው የሚከፈለው በሰዓት?"

"ማንም አይከፍልም። የራሱ ነው። ለብቻው ነው የሚጫወተው።"

ልጁ ቪዲዮውን ደግሞ አየው። "ታዲያ መሸነፉን በምን ያውቃል?" አለኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ የሥራ ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ።

ማታ ቡና ላይ ያንኑ ለአጎቴ አስረዳኋቸው። ዱላ አለ፣ ትንሽ ኳስ አለች፣ ትመታለህ። "ገና ነዋ!" አሉ ወዲያው። ዱላው ገና፣ ኳሷ ሩር፤ ልክ ናቸው። ለገና በዓል ሜዳ ተወጥቶ የሚጫወቱት፣ ሎሌው ጌታውን ቅልጥሙ ላይ ቢያገኘው እንኳን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባልበት። ከዚያ ስንት ሆነው እንደሚጫወቱ ጠየቁኝ። አንድ ነው አልኳቸው። ሲኒያቸውን እያሽከረከሩ ትንሽ ቆዩና "እና ማንን ሊቆጣ ነው?" አሉ።

ድህነትን ማቆንጀት አልወድም። የእህቴን ጋራዥ እያደነቅኩ ስጽፍ እሷ ብትሰማኝ ትስቅብኛለች። እናቶች "ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀራችሁብኝ" እያሉ በር ላይ መጥተው ይጣሏታል። ለዳቦ የተላከ ሃያ ብር እዚያ ይቀራል። ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ካልሲ ካልሲ ይሸታል። እህቴ ራሷ ደግሞ የምትመኘው ምን እንደሆነ ነግራኛለች፤ ዘግታ፣ ቁጭ ብላ፣ ማንም የማይጠራት አንድ ክፍል። "ያ ጓደኛህ እኮ ብልህ ነው" አለችኝ። አስራ አራት ልጅ በየቀኑ አጥሯ ሥር የሚጮህባት ሴት ናት፤ አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እዚያ ስኖር ተራ ሳልጠብቅ ሁሉን ማግኘት ለምጄ ነው የመጣሁት። ባንክ ቤት ወረቀት ቆርጬ ግማሽ ቀን ስቀመጥ ደሜ ፈልቷል።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ግን እዚያው ጋራዥ ገባሁ። ተራ ያዝኩ። ከፊቴ ስድስት ልጅ አለ። አምስተኛው ሲጫወት መብራት ሄደ። "ኤ...ጭ!" አለ ክፍሉ በአንድ አፍ። አሁን ይበተናሉ ብዬ ስነሳ አንድ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ ጃኬቴን ሳበኝ። "ጋሼ፣ ከተነሱ ተራዎ ይቃጠላል።" ተቀመጥኩ። ማንም አልወጣም። ተከራዩ የስልኩን መብራት ጣሳ ላይ አቆመ። አንዱ በመብራቱ ላይ በጣቱ ጥላ እየሠራ ግድግዳው ላይ ጅብ አስኬደ። ሌላው የትናንቱን ጨዋታ ጎል በጎል መተረክ ጀመረ፤ ሦስት ልጆች ውሸቱን እያረሙ። አንዱ ቆሎ አወጣ፣ ለኔም እፍኝ ደረሰኝ። ስምንቴ ስለ አሜሪካ ተጠየቅሁ፤ ዋናው ጥያቄ እዚያ መብራት ይጠፋል ወይ የሚል ነበር።

አርባ ደቂቃ ሆነ። "መጣ!" ተባለ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ቅድም የነበረው ጌም ጠፍቷል፤ ውጤቱን ግን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፣ ሁለት ለአንድ፣ የቀረው ስድስት ደቂቃ። ከዚያው ቀጠሉ። ከስድስተኛው ልጅ በኋላ ጃኬቴን የሳበኝ ልጅ ጆይስቲኩን አቀበለኝ። የምገጥመው እሱን ኖሯል።

አምስት ለዜሮ። ሃያ ብሬን ከፈልኩና የቢራ ሳጥኑ ላይ ተመልሼ እንደገና ተራ ያዝኩ።