ዛሬ ይዘንባል? ተማሪዎቹን ጠይቋቸው

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰኔ ለፈተና የደመና ዓይነቶችን ስታነበንብ ደረስኩ። «ኩሙሎኒምበስ ምንድነው?» ስላት አንድ ቃል ሳትስት ተወጣችው። «ታዲያ ዛሬ ይዘንባል?» አልኳት። «እኔ ምን አውቄ!» እናቷ ደግሞ በመስኮት ወደ እንጦጦ አየት አድርጋ የተሰጣ ልብስ ልታስገባ ወጣች።

እኔም ስልኬ ላይ የሜቲዮሳትን ምስል ከፈትኩ። ይህ የአውሮፓ ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ያነሳናል። መጀመሪያ ያጣላን ሰዓቱ ነበር፤ ምስሉ ላይ የሚጻፈው የግሪንዊች ሰዓት ነው። ደግነቱ ለእኛ አቆጣጠር 3 መቀነስ ይበቃል። 09:00 የሚለው የእኛ 6 ሰዓት ነው።

ከዚያ ነጭ ያየችውን ሁሉ ዝናብ አለችው። ሙቀትን በሚያሳየው በኢንፍራሬድ ምስል ግን ነጭ ማለት ቀዝቃዛ ማለት ነው። ከፍ ብሎ የተዘረጋ ስስ ደመና ቀዝቃዛ ስለሆነ አንድ ጠብታ ሳይኖረው ነጭ ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ የሚገባው ምስሎቹን በተርታ ሲያዩ ነው። ስሱ እየተበጣጠሰ በነፋስ ይነዳል። ዝናብ የሚያመጣው ረፋድ ላይ ከተራራው በላይ ነጥብ ሆኖ ይጀምርና እዚያው ያብጣል። «እንደ ወተት እየገነፈለ ነው!» አለች።

«ጻፊው» አልኳት። «ከ9 ሰዓት በፊት ይዘንባል» ብላ ጻፈች። እኛ ሰፈር ጠብ አላለም። ሳሪስ ያለች ጓደኛዋ ግን በረዶ ወረደብን ብላ ደወለች። አዲስ አበባን ለሚያውቅ አይገርምም። ትንበያ ላይ «የመዝነብ ዕድሉ 60 በመቶ» ማለት ምን እንደሆነ የገባት ያን ቀን ነው። ሳንቲም እየወረወሩ ፕሮባብሊቲ ከመማር ይኼ አይሻልም?

ራዳር ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነው። ሳተላይት የደመናውን ጣሪያ ያያል። ራዳር ሞገድ ልኮ ከጠብታዎቹ የሚመለሰውን ስለሚቀበል ውስጡን ያውቃል። ተራራ ግን ይጋርደዋል፤ እንደኛ ባለ አገር ይህ ቀላል ጣጣ አይደለም። ለልምምድ የአሜሪካኑ አለ፤ 160 የሚጠጉ ራዳሮች የሚያዩት ለማንም ክፍት ነው።

የጂኦግራፊ መምህራን በሳምንት አንዴ 15 ደቂቃ ቢሰጡት ምን ይጎድላል? ተማሪው ግምቱን በመቶኛ ይጻፍ፣ በማግስቱ ራሱ ያርመው። ማርኩ ለምን እንደሳተ ላስረዳ ይሰጥ። ኢንተርኔት የለም ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ የለም። ግን ከአንድ መምህር ስልክ ላይ ጠዋት የወረዱ 4 ምስሎች ይበቃሉ።

የእህቴ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት መልእክት ትልክልኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ 80 በመቶ፤ ጃንጥላ እንዳትረሳ» አለችኝ። ተሸክሜው ዋልኩ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ማታ ስደውልላት ደብተሯ ላይ «ስሱን ደመና በወፍራሙ ተሳስቻለሁ» ብላ ጽፋ ጨርሳለች።