ኪሎ ሲቀንስ ጉልበት አብሮ እንዳይሄድ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ ማኅበርም ይሁን ክርስትና፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የክብደት መቀነሻ መርፌ ወሬ ሳይነሳ አይቀርም። ኦዜምፒክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስኳር ሕመም ሲፈቀድ ከሕሙማንና ከሐኪሞች በቀር ብዙም ሰው አያውቀውም ነበር፤ ይኸው ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት በ2021 ዌጎቪ በሚል ስም ለክብደት ከተፈቀደ፣ በ2023 ደግሞ ዜፕባውንድ ከተከተለው ወዲህ ግን መርፌው የቤት ወሬ ሆነ። እኔ መድኃኒቱን ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም። በስደት ላይ የስኳር ሕመም እንዴት እንደሚበረታብን ማስረጃው ብዙ ነው፤ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን እንኳ በኢትዮጵያ ሳሉ እምብዛም የማያውቁት ይህ ሕመም፣ አኗኗራቸውና ምግባቸው በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመካከላቸው እንደተስፋፋ የአገሪቱ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ስኳሩ የተስተካከለለት፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ማጠሩ የቀረለት ሰው መድኃኒቱን ቢያመሰግን እውነቱን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ስንት ኪሎ እንደወረደ ሲጠየቅ እንጂ የወረደው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አለመስማቴ ነው። ሴማግሉታይድ በ2,000 ገደማ ሰዎች ላይ በተሞከረበትና በ2021 ውጤቱ በታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ተሳታፊዎች በ68 ሳምንታት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህሉን ቀንሰዋል። ከጠቅላላው ተሳታፊዎች መካከል የ140ዎቹ ሰውነት በልዩ የራጅ መሣሪያ ሲለካ ግን፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ላይ ከጠፋው ክብደት 40 በመቶ ገደማው ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል ሆኖ ተገኘ። የዜፕባውንድ መድኃኒት በሆነው በቲርዜፓታይድ ላይ በተደረገ ተመሳሳይ ልኬት ድርሻው ወደ ሩብ ዝቅ ይላል። ስብ ያልሆነው ሁሉ ጡንቻ አይደለም፤ ውኃም ሌላም አለበት፤ በማናቸውም መንገድ የከሳ ሰው ከስብ ጋር ጥቂት ጡንቻ ማጣቱም አይቀርም። ይሁንና ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ጡንቻ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በስልሳ ዓመት ላይ የጠፋውን መልሶ ማብቀል በሃያ ዓመት እንደነበረው አይቀልም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት በስቅለት ዕለት ስግደት ላይ ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሃያ ኪሎ በላይ ቀንሰው፣ ስኳራቸውም ተስተካክሎ፣ በነጠላቸው ሥር ቅጥነታቸው ጎልቶ ይታይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስግደቶች እንደ ሰዉ ሁሉ ወርደው ተነሡ፤ ከዚያ በኋላ ግን በግንባራቸው ተደፍተው እንደቀሩ፣ መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ ተጭነው፣ ጉልበታቸውን ሊያቀኑ ሲታገሉ አየኋቸው። ሁለት ሴቶች ብብታቸውን ይዘው አነሡዋቸውና ወንበር አቀረቡላቸው። «ልቤ ደኅና ነው፣ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አሉ። ከዓመት በፊት፣ ሃያ ኪሎ ጨምረው ተሸክመው ሳለ፣ እኚሁ ሴት ስግደቱን እስከ ፍጻሜው ይሰግዱ ነበር።

በውጭ አገር የከሳ ሰው ምርቃት ይዘንብለታል። ያው ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ግን አክስቶቹ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?» ይሉታል። ይህን አስተያየት እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን አልስማማም። የአክስቶቻችን ዓይን ትከሻንና ክንድን ያያል፤ አረማመድን ያያል፤ ሚዛን የማይለየውን ይለያል። ገጠር ያለች ዘመዳችን ሃያ ሊትር ውኃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ ማንም ሳያስተምራት ክብደት ማንሳትን ኑሮዋ አድርጋዋለች፤ እዚህ ያለችው እህቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጣ ወይም ሂሳብ መቀበያ ጀርባ ቆማ ውላ፣ ማታ ሶፋ ላይ ታርፋለች። የገጠሯ ድካም የሚመኙት አይደለም፤ ወገብ ይሰብራል፣ ያስረጃልም። የአዲስ አበባው ባለመኪናና ባለቢሮም ቢሆን ከእኛ ብዙም የተለየ ኑሮ አይኖርም።

ሌላው ጉዳይ ምግብ፣ በተለይም ጾም ነው። መርፌው የሚሠራው የምግብ ፍላጎትን በመቀነስና ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ በማድረግ ነው። ክብደት እየቀነሱ ጡንቻን ለማቆየት፣ ኩላሊቱ ደኅና የሆነ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ቢያንስ 1.2 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዲበላ ብዙ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው 84 ግራም መሆኑ ነው። መቶ ግራም የበሰለ ምስር ውስጥ ያለው ፕሮቲን 9 ግራም ገደማ ነው። እንጀራውና ሽሮው የሚያዋጡት ቢኖርም፣ በሁዳዴ 55 ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ የሚጠግብ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ጾሙን ይተው አልልም፤ ነገሩ በሰውየው፣ በንስሐ አባቱና በሐኪሙ መካከል የሚያልቅ ነው፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ እንዳይወርድበት ሐኪሙን ሳያማክር ባይጀምር ይሻላል። የሚጾም ግን ከእንጀራው አስቀድሞ ምስሩን፣ ሽምብራውንና አኩሪ አተሩን ይብላ፤ በፍስክ ጊዜም እንቁላሉን፣ ዓይቡንና ሥጋውን ከፊት ያድርግ።

ከምግቡ እኩል የሚያስፈልገው ጡንቻን ማሠራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል፤ መርፌ ለሚወስድ ሰው ይህ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሕክምናው ክፍል መሆን ነበረበት። እናቶቻችን ጂም የጎረምሳ ቦታ ስለሚመስላቸው አይደፍሩትም፤ ሐኪሞቻቸውም በአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠሮ ውስጥ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ከማለት አያልፉም፤ ይህም መራመድ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። መራመድ ለልብ መልካም ነው፤ ጭን እንዳይሳሳ ግን አይበቃም። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ አምስት ሊትር ውኃ በየእጁ ይዞ መሄድ፣ ሲቀልም ጭነቱን መጨመር ለጀማሪ ይበቃል። መለኪያም አለው፤ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር መነሣት እንደሚቻል መቁጠር ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 ጊዜ በታች ከተነሣች የመውደቅ ሥጋት እንዳለባት ይቆጥራል።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቻችን ደግሞ መርፌውን በሻንጣ እንድናመጣላቸው ይለምኑናል። ያልተከፈተ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ይበላሻል፤ ስለዚህ ለአውሮፕላን የጭነት ክፍል የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በብራዚል፣ በብሪታንያና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መቋረጡ ነው። ዌጎቪ በአሜሪካ ሲወጣ ዋጋው በወር ከ1,300 ዶላር በላይ ነበር፤ በኋላ ቅናሽ ቢደረግም፣ መንገደኛ በተገኘ ጊዜ ብቻ የሚደርስ መድኃኒት መሐል ላይ መቆሙ አይቀርም። ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው መጨመራቸው በጥናት ታይቷል፤ የሚመለሰውም በአብዛኛው ስብ እንጂ ጡንቻ እንዳይሆን ያሰጋል። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት፣ ክብደት መቀነሻ የሆነውን ሊራግሉታይድን ከስፖርት ጋር ያጣመሩ ሰዎች አንዱን ብቻ ከያዙት ይልቅ ስባቸውን አብልጠው እንደቀነሱ አሳይቷል፤ ሁሉም ነገር ከቆመ ከዓመት በኋላም፣ ስፖርት የሠሩት መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ያነሰ ክብደት ነው መልሰው የጨመሩት። እዚያ የተሠራው በአመዛኙ ብስክሌትና ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ነበር፤ ጡንቻን ለማቆየት ክብደት ማንሳት ሊጨመርበት ይገባል። ስለዚህ መርፌ አምጣልኝ ለሚሉኝ ዘመዶች አስቀድሜ የምጠይቃቸው የሚከታተላቸው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ መርፌው ቢቋረጥ ምን እንዳሰቡና በሳምንት ስንት ቀን ጡንቻቸውን እንደሚያሠሩ ነው።