ውሻዬ ጾመኛ አይደለችም

ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ የቡቺ ጸጉር በእጄ እየተነቀለ ይመጣ ጀመር። ቡቺ ነጭ፣ ጸጉራም፣ አራት ኪሎ የምትመዝን የቤት ውሻ ናት። ዘሯን አጣርቶ የሚያውቅ የለም። የሰጠኝ ወዳጄ ፑድል ናት ብሎኛል፤ የሰፈራችን፣ የባሕር ዳሯ ሽምብጥ ልጆች ግን "በጓ" ነው የሚሏት። ጀርባዋ ላይ ፎረፎር፣ ከጆሮዋ ሥር መቅላት፣ ሌሊቱን ሙሉ ማከክ። እኔም እንደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ሱቅ ነው።

ባለሱቁ ከተከፈተ የውሻ ምግብ ጆንያ በጣሳ እየዘገነ በፌስታል መዘነልኝ። "ይሄ ለጸጉር ነው፣ ጋሼ" አለኝ። ጆንያው ላይ ሐር የመሰለ ጸጉር ያላት ውሻና ከውኃ ዘልሎ የሚወጣ ዓሣ አለ። መቼ እንደተከፈተ ብጠይቀው ሳቀ። የዋጋውን ነገር አላነሳውም፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የት እንደደረሰ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ፌስታሌን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ፌስታሉን ዞር ብሎም አላየው። መጀመሪያ ጸጉሯን እየገለጠ ቁንጫ ፈለገ። ከዚያ ቆዳዋን በምላጭ ጫፍ ፋቅ አድርጎ እከክ የሚያመጣው ተባይ እንዳለ በማይክሮስኮፕ አየ። የለም። በመጨረሻ "ምንድን ነው የምትበላው?" አለኝ።

"እኛ የምንበላውን ነዋ" አልኩ፣ በኩራት ጭምር።

"እናንተስ ምን ስትበሉ ከረማችሁ?"

መልስ አልነበረኝም። ሁዳዴ ነበራ።

55 ቀን ሙሉ ቡቺ የበላችው የሽሮ ፍትፍት፣ የምስር ወጥ የነካው እንጀራና ሲገኝ የድንች ቅቅል ነው። እኔን ሃይማኖቴ አስጾመኝ፤ እሷን ያስጾማት የእኔ አለማሰብ ነው። የውሻ ጸጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ጸጉርና ቆዳ ሁለቱ አንድ ላይ ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ከ25 እስከ 30 በመቶ ይወስዳሉ። ገቢ ሲጎድል ሰውነት እንደ ብልህ ባለቤት ነው፤ ልብና ጉበትን አስቀድሞ የጌጥ ወጪውን ይቆርጣል። ሽሮ ፕሮቲን የለውም ማለቴ አይደለም፤ አለው። ጸጉር የሚሠራባቸው ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን ጡቦች በሏቸው) ግን በጥራጥሬ ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙት በእንቁላል፣ በዓሣና በሥጋ ነው። የምግብ ለውጥ ደግሞ ጸጉር ላይ እስኪታይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሁዳዴ ራሱ ስምንት ሳምንት ገደማ ነው። የጾሙ ዕዳ በዳግማይ ትንሣኤ መምጣቱ እንግዲህ ለዚህ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ ምን እንደበላ ግን ጠይቀን አናውቅም። ለጸጉር የሚሆን የውሻ ምግብ የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት እቤቱ ያለውን የውሻ ሳህን ጎንበስ ብሎ ይይ ባይ ነኝ። እዚያ ሳህን ውስጥ ምናልባት ከሁሉ የከፋው ነገር ሽንኩርት ነው። ያለ ሽንኩርት ወጥ የለም፤ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጉዳቱ የሚታየው ውሻው በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሲበላ ነው። ሃያ ኪሎ ለሚመዝን የግቢ ጠባቂ ይሄ ብዙ ሽንኩርት ነው። ለቡቺ ግን 60 ግራም ማለት ነው፤ አንዲት ትንሽ ራስ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። ትንሽ ውሻ የሚያሳድግ ሰው የወጥ ፍትፍትን ከዛሬ ጀምሮ ቢያቆም ከማንኛውም ጆንያ የበለጠ ውለታ ይውልላታል።

ሁለተኛው ችግር ቆዳና ጸጉር የሚፈልጉት ማዕድን፣ የዚንክ እጥረት ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንክን አስሮ ይይዘዋል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል፤ ቢሆንም እህል ብቻ በልቶ ያደገ ቡችላ በዓይኑና በከንፈሩ ዙሪያ ቅርፊት ሲያበጅ፣ የእግሩ መዳፍ ሲሰነጠቅ ማየት ያለ ነው። "አጥንቱ እንዲጠነክር" እያለ የተፈጨ አጥንት የሚጨምርለትም አለ። ካልሲየም ሲበዛ ዚንኩ ጭራሽ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋልና እሱም ነገሩን ያብሰዋል።

አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ፤ ጠላቱ አይደለሁምና። ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ጥሩ የታሸገ ምግብ መግዛት እንደሚችል የሚያምን ጥቂት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ትንሽ ውሻ በኪሎ ክብደቷ ሲሰላ ከትልቁ የበለጠ ጉልበት ትፈልጋለች፦ አራት ኪሎ የምትመዝን አዋቂ ውሻ በቀን ወደ 317 ካሎሪ፣ ማለትም በኪሎ 79 ገደማ፤ ሃያ ኪሎው ግን በኪሎ 53 ገደማ ይበቃዋል። ሆኖም ጠቅላላው ሲታይ ቡቺ የምትበላው ኢምንት ነው። መቶ ግራሙ ወደ 370 ካሎሪ ከሚሰጥ ደረቅ ምግብ በቀን 85 ግራም፣ በወር ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ሳህኗ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነች በውስጧ የሚገባው እያንዳንዱ ጉርሻ ቁም ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ለፍርፋሪ የሚተርፍ ቦታ የላትም።

ጆንያውን ስናነብ ሥዕሉን እንተወውና ወደ ጀርባው እንዙር። የምፈልገው ምግቡ ለየትኛው ዕድሜ "የተሟላና የተመጣጠነ" እንደሆነ የሚናገረውን መስመር ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መለኪያ ለአዋቂ ውሻ እርጥበቱ ሳይቆጠር ቢያንስ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ፣ ለቡችላና ለምታጠባ ደግሞ 22.5 እና 8.5 በመቶ ይጠይቃል። ይሄ ወለሉ ነው፤ ለጸጉራም ውሻ ከወለሉ ከፍ ያለውን እመርጣለሁ። የተሠራባቸው ነገሮች የሚዘረዘሩት በክብደት ቅደም ተከተል ስለሆነ በቆሎና ስንዴ ከፊት ተሰልፈው ዓሣው ከጨው በኋላ ከመጣ ሥዕሉ ሥዕል ብቻ ነው። ቃላቱም ይሸነግላሉ። በዚያው በአሜሪካ ደንብ "ዓሣ ያለበት" ለመባል 3 በመቶ ዓሣ ይበቃል፤ "የዓሣ ጣዕም ያለው" ለመባል ደግሞ ጣዕሙ ከታወቀ በቂ ነው።

በጣሳ እየተዘገነ የሚሸጠውን ግን በጭራሽ አልገዛም። ምግቡ ላይ የተረጨው ስብ አየር ሲያገኘው ይሻግታል፤ ሲሻግት ለቆዳ የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኢ ይዞት ይጠፋል። የተከፈተ ጆንያ በስድስት ሳምንት ገደማ ማለቅ አለበት። ቀኑ ያልታወቀ ጆንያ በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚሆን አስቡት። ያን ፌስታል አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋው የቆየ ዘይት ነበር የሸተተኝ። ቡቺም አልበላችውም፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አወቀች።

ጆንያው ላይ ከተሳለው ዓሣ ይልቅ የሚገርመኝ የራሳችን ዓሣ ነው። በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር ውረዱ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው ከታንኳና ከጀልባ ሲወርድ፣ ቢላዋ የያዙት ልጆች ሥጋውን ገፈው ጭንቅላቱንና አጥንቱን ሲጥሉት ታያላችሁ። ከአንድ ቆሮሶ ንጹሕ ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ሲሦ ያህል ነው። የቀረውን ፔሊካኖች ይሻሙበታል። ለውሻ መሆኑን ስነግራቸው ልጆቹ "ጋሼ፣ ይውሰዱት፣ ምን ያደርግልናል" ይሉኛል፤ ሁዳዴ ላይ የዓሣ ገበያ ሲደራ ደግሞ የሚጣለው ይበዛል። እኔ ጭንቅላቱን ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት እቀቅለውና አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅሜ ሥጋውን ከመረቁ ጋር እሰጣታለሁ። አጥንቱ የግድ ይለቀማል። ጥሬውንም አልሰጥም፤ ከጣና ዓሦች ብዙዎቹ የካርፕ ቤተሰብ ናቸው፣ በዚህ ቤተሰብ በብዙዎቹ ጥሬ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። እሳት ሲነካው ይከሽፋል።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ማረም አለብኝ። በመጀመሪያው ወር "የጣና ዓሣ ኦሜጋ 3 ነው" እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ስሰብክ ነበር። ጣና ቀዝቃዛ ባሕር አይደለም፤ ቆሮሶም ሰርዲን አይደለም። ሥጋው ለጸጉር የሚሆን ምርጥ ፕሮቲን ይሰጣል፤ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርዱት፣ ኦሜጋ 3 የሚባሉት የዓሣ ዘይት ስቦች ግን በቆሮሶ ጥቂት ናቸው። ተልባስ? ተልባ ኦሜጋ 3 ሞልቶታል፤ የውሻ ሰውነት ግን ወደሚፈልገው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ለጸጉር ማብረቅረቅ ዋናው ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ ነው፤ ውሻ ራሱ ሊሠራው አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሲጎድል ጸጉሩ ይደርቃል፣ ቆዳው ይፈረፈራል። ይሄ አሲድ የሞላው ዘይት ደግሞ ከጎጃም ማሳ የሚመጣው የኑግ ዘይት ነው፤ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። እኔ ቤት ለዓመታት ሲፈስ የነበረው የፓልም ዘይት 10 በመቶ ገደማ ነው ያለው። ቡቺ አሁን በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኑግ ታገኛለች፣ 20 ካሎሪ ያህል። ከዚያ በላይ መጨመር ደግነት አይደለም። ቆሽት ማረር ለእኛ ዘይቤ ነው፤ ለትንሽ ውሻ እውነተኛ በሽታ ነው፣ 55 ቀን ፍትፍት በልታ በፋሲካ ማግስት የበግ ጮማ ሲወረወርላት ደግሞ ቤቱ ድረስ ይመጣል።

ዓሣና ኑግ ብቻ ግን የተሟላ ምግብ አይደሉም። ካልሲየሙን፣ ዚንኩን፣ ቫይታሚኑን የሚያሟላው የታሸገው ነው፤ ከቀን ድርሻዋ ዘጠኝ እጁ እሱ ይሁን፣ ዓሣውና ዘይቱ ተደምረው አንድ እጅ። ይህ ሒሳብ የሚቀየረው ሐኪም አለርጂ ሲጠረጥር ነው። ውሾችን በብዛት ከሚያስቆጡ ምግቦች የበሬ ሥጋ አንደኛ ነው፤ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ይከተሉታል። የበሬ ቅንጥብጣቢ በልቶ ላደገ የባሕር ዳር ውሻ ዓሣ አዲስ ምግብ ስለሆነ ለመፈተኛ ይመቻል፤ ሐኪሙ እያየው፣ ስምንት ሳምንት፣ ሌላ ምንም ሳይቀመስ። ልጆች በስውር የሚያጎርሱት አንድ ብስኩት ፈተናውን ከሀ ያስጀምረዋል።

ሰው ከቀየው ተፈናቅሎ በየመጠለያው ባለበት ክልል ስለ ውሻ ጸጉር ትጽፋለህ ወይ የሚለኝ አለ። ቁጣው ይገባኛል፤ ውድ ጆንያ ግዙ ብዬም አልከራከረውም። ውሻን የምናበላው ነገር ግን እኛንም ይመለከታል። በየበዓሉ ከታረደው ሳንባና ጉበት ላይ የውኃ ከረጢት የመሰለ እጢ ስናይ ቆርጠን ለውሻ እንጥላለን። ያ የኢኪኖኮከስ ትል ማደሪያ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በጸጉሩ በኩል ወደ ልጆቻችን እጅ ይመጣል፤ በሰው ጉበትም ያንኑ ከረጢት ያበጃል። ጸጉሯን ሲዳብሱ ለሚውሉ ልጆች ስል የቡቺን ሳህን መፈተሽ ቅንጦት አይመስለኝም።

የዋጋውን ነገር ለመፍታት ሰፈር ውስጥ አንድ ዘዴ ፈጥረናል። ትንንሽ ውሾች ያሉን ሦስት ቤቶች ዕቁብ ጣልን። አንድ አሥር ኪሎ የታሸገ ጆንያ ከአዲስ አበባ በተራ እናስመጣለን፣ ቀኑን በእስክሪብቶ እንጽፍበታለን፣ በከፈትንበት ቀን ሦስት ቦታ እንካፈልና ክዳን ባለው ዕቃ እናስቀምጣለን። ለሦስት ውሾች አርባ ቀን ይሆናል፤ ከስድስት ሳምንት በታች። የቡቺ ጀርባ በሁለተኛው ዙር ሞላ። የጎረቤቴ ውሻ ጆሮዋ ዳነ። የሦስተኛዋ ግን ድርሻዋን ሙሉ በሙሉ እየበላች አሁንም ታካለች። ባለቤቷ እማማ "ዕቁባችሁ ነው የማይረባው" እያሉ ሁለት ዙር አሙን። ባለፈው ሳምንት ተሸክመን ሐኪሙ ዘንድ ወሰድናት፤ የጭራዋን ሥር ገለጥ ቢያደርገው ቁንጫው ይርመሰመሳል።