የበረዶ ራሊ ትልቁ ፈተና ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው

በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ላይ ስለሚካሄደው የመኪና ውድድር፣ ስለ በረዶ ራሊ ሲነሳ ዘወትር የሚሰማው አስተያየት ብርዱ በጠነከረ ቁጥር ውድድሩም ይከብዳል የሚል ነው። ለሰው አካል ይህ እውነት ነው፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ብርድ ከመኪና ሥር ተኝቶ ብሎን የሚፈታ መካኒክ ማየት ብቻውን ያንቀጠቅጣል። ለጎማውና ለመንገዱ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእኔ እይታ የራሊ አሽከርካሪንም ሆነ አዘጋጅን ክፉኛ የሚፈትነው የሙቀት መጠኑ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ከፍ ዝቅ ሲል የሚውልበት ቀን ነው፤ የውድድሩ ሕግና የጊዜ ሰሌዳም መቃኘት ያለበት ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው።

ብርዱ ሲበረታ መንገዱን የሸፈነው በረዶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በላዩም ውኃ አይኖርም። ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ግን የላይኛው ገጽ መቅለጥ ይጀምርና በጎማውና በበረዶው መካከል ስስ የውኃ ሽፋን ይፈጠራል፤ ጎማው መንገዱን መያዝ የሚያቅተውም ያኔ ነው። ከዚህም የሚከፋው ቀን ቀልጦ አስፋልቱን አቋርጦ የወረደ ውኃ ሌሊት መልሶ ሲረጋ ነው። እንዲህ ያለው ስስ በረዶ ቀለም ስለሌለው በመኪናው መብራት ሥር እርጥብ አስፋልት ይመስላል፤ አሽከርካሪው እውነቱን የሚያውቀው ፍሬን ከያዘ በኋላ ነው።

የስዊድን ራሊ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ አጉልቶ ያሳያል። እዚያ የሚወዳደሩት መኪኖች የሚገጠምላቸው ጎማ ጠባብ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ 384 የብረት ሚስማሮች ተተክለውበታል። አንዱ ሚስማር 20 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ አብዛኛው አካሉ በጎማው ውስጥ ተቀብሮ ተንግስተን ከተባለው ጠንካራ ብረት ውህድ የተሠራው ጫፉ ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማው የጠበበበት ምክንያትም አለው፤ የመኪናው ክብደት በትንሽ ስፋት ላይ ሲያርፍ ጎማው ልል የሆነውን በረዶ ሰንጥቆ ከሥሩ ወዳለው ጠንካራ ንጣፍ ይደርሳልና። በዚህ ጎማ ላይ መንገዱ በሚገባ የረጋ ከሆነ መኪኖቹ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ይበራሉ፤ ይህ ፍጥነት በብዙ የኮረኮንች ውድድሮች የማይገኝ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተከመረው በረዶ ደግሞ ልምድ ላለው አሽከርካሪ ረዳት ይሆነዋል፤ ኩርባ ላይ የመኪናውን የኋላ ጎን ለአፍታ አስደግፎ አቅጣጫውን ያስተካክልበታል። ክምሩ ካልጠነከረ ግን መኪናው ተስቦ ይገባበታል፤ ከዚያ ለመውጣት አካፋና የተመልካች ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ ጥበብ በልምድ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ፈረንሳዊው ሴባስቲያን ሎብ በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስኪያሸንፍ ድረስ የስዊድንን ራሊ ከሰሜን አውሮፓ አገሮች ውጭ የመጣ አሽከርካሪ አሸንፎት አያውቅም ነበር።

አየሩ ሲሞቅ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። የበረዶው ንጣፍ ስለሚሳሳ ሚስማሮቹ ቀዳድተውት ከሥሩ ያለውን ጠጠር ያወጡታል፤ ጠጠሩ በተራው ሚስማሮቹን እየነቀለ ይጥላቸዋል። አንድ ምዕራፍ፣ ማለትም በሰዓት የሚለካ አንድ የውድድሩ የመንገድ ክፍል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነዳ ጉዳቱ የበለጠ ጎልቶ ይታያል። መኪኖቹ የሄዱበት መስመር ቦይ ሆኖ ይቆፈራል፤ ምዕራፉን በሙሉ ሚስማሮቹ የጀመረ ጎማ ሲጨርስ ግማሽ መላጣ ሊሆን ይችላል። የመነሻ ተራም ትርጉሙ ይቀየራል። አዲስ በረዶ ሲወርድ መጀመሪያ የሚነሳው ለሌሎቹ መንገድ ጠራጊ ሆኖ ጊዜ ያጣል፤ ንጣፉ በሚፈርስበት ቀን ግን ጉዳቱ ወደ ኋለኞቹ ይዞራል። በአየር ጠባይ ምክንያት የሚመጣ እንዲህ ያለ መበላለጥ የስፖርቱ አካል ነው ቢባል አልከራከርም። የምከራከረው መንገዱ ራሱ ለውድድር ብቁ ሳይሆን ውድድሩን በግድ ማስኬድ ሲመጣ ነው።

የስዊድን አዘጋጆች በዚህ ረገድ ብዙ ተፈትነዋል። ውድድሩ በ1950 ሲጀመር የበጋ ራሊ ነበር፤ ወደ በረዶ ወራት የተዛወረው በ1965 ነው። በ1990 በረዶ በመጥፋቱ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። በ2020 ደግሞ ቨርምላንድ በተባለው ግዛት አየሩ በመሞቁ በርካታ ምዕራፎች ተሰርዘው ውድድሩ በእጅጉ አጥሮ ተካሄደ። ከ2022 ጀምሮ ማዕከሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኡሜዮ ከተማ ዞረ። ለአሥርተ ዓመታት ውድድሩን ያስተናገዱ የቨርምላንድ ነዋሪዎች በዚህ ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ብርድ የማይታመንበትን አካባቢ በትዝታ ብቻ ይዞ መቆየት በየዓመቱ መጨረሻ ሰዓት ላይ ምዕራፍ ወደ መሰረዝ ይወስዳል፤ ከዚህም ተወዳዳሪውም፣ ትኬት የገዛው ተመልካችም የሚያተርፉት ነገር የለም።

በሞናኮና በፈረንሳይ ተራሮች የሚካሄደው የሞንቴ ካርሎ ራሊ ግን ሌላ ዓይነት እንቆቅልሽ ነው፣ በቦታ ለውጥም አይፈታም። በ1911 የተጀመረው ይህ ውድድር ማንነቱ የተመሠረተው ወጥ ባልሆነ መንገድ ላይ ነው። እንደ ቱሪኒ ባለ 1,607 ሜትር ከፍታ ባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ዳገት ደረቅ አስፋልት ሆኖ ሳለ ከአናቱ ባሻገር ያለው ጥላማ ቁልቁለት በረዶ ሊሆን ይችላል። መኪናው ከአራቱ ጎማዎች በተጨማሪ ቢበዛ ሁለት ትርፍ ጎማ ነው የሚይዘው። ባለ ሚስማሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ ሚስማሩም ይረግፋል፤ ለደረቅ አስፋልት የተሠራው ደግሞ በረዶ ላይ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቡድኖች አንዳንድ ጊዜ ሁለቱን ዓይነት በሰያፍ አሰባጥረው ይገጥማሉ፤ በዚያ ዓይነት ቅንብር መኪናው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የተለያየ ባሕርይ ያሳያል፣ አሽከርካሪውም ያንን ታግሶ መንዳት አለበት። የዚህን ውድድር አስቸጋሪነት ለመገመት 1965ን ማስታወስ ይበቃል፤ በዚያ ዓመት በከባድ የበረዶ ውሽንፍር ከተነሱት 237 መኪኖች ሞንቴ ካርሎ የደረሱት 35 ብቻ ሲሆኑ አሸናፊው በሚኒ ኩፐር የነዳው ፊንላንዳዊው ቲሞ ማኪነን ነበር።

የጎማ ምርጫው እንቆቅልሽ ይቆይ፤ ሞንቴ ካርሎን ሞንቴ ካርሎ ያሰኘው እሱ ነው። መንገዱ ላይ ያለው በረዶ የት እንደሆነ አለማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ ሲባል ቡድኖች ከውድድሩ ሰዓታት ቀድመው ምዕራፉን በመደበኛ ፍጥነት የሚያልፉ ቃኚዎችን ያሰማራሉ፤ እነዚህ ሰዎች ረዳት አሽከርካሪው በሚያነበው የመንገድ ማስታወሻ ላይ በረዶና እርጥበት ያለባቸውን ቦታዎች በቀለም ለይተው ያሰምራሉ። ሥራቸው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ክፍተቱ ያለው ቃኚው ካለፈ በኋላ መኪናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ምሽት ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ከነበረበት ወደ ታች ሲወርድ፣ ቃኚው እርጥብ ብሎ የመዘገበው ኩርባ ተወዳዳሪው ሲደርስበት በረዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። በ2017ቱ ሞንቴ ካርሎ በመክፈቻው ምዕራፍ አሽከርካሪው ሄይደን ፓደን በማይታይ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ከመንገድ ሲወጣ አንድ ተመልካች ሕይወቱን አጥቷል። የዚያን አደጋ መንስኤ ወደ ቃኚዎች ለማላከክ አልፈልግም፤ ሆኖም የመንገዱን ሁኔታ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መከታተል ቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። ከመጀመሪያው ተወዳዳሪ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድመው ምዕራፉን የሚያልፉ የአዘጋጁ መኪኖች አሉ፤ ሥራቸው መንገዱ ዝግ መሆኑንና ተመልካቹ በቦታው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በውስጣቸው ያሉት ሰዎች አዲስ የረጋ በረዶ ወይም ተመልካች ወደ መንገዱ የበተነው በረዶ ካዩ፣ ቦታውን በኪሎ ሜትር ለይተው መነሻው ላይ ለቆሙት ተወዳዳሪዎች ሁሉ እኩል ማሳወቅ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ይህ መኪና አምራቾች ለሚያሰልፏቸው የፋብሪካ ቡድኖች ብዙም አይጨምርላቸውም፤ በራሱ ገንዘብ የሚወዳደረውና ጥሩ ቃኚ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተወዳዳሪ ግን በእጅጉ ይጠቀማል። ውድድሩን ያቀለዋል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንድ ኩርባ በረዶ እንዳለበት የተነገረው አሽከርካሪ ግን በሁለት የሚስማር ጎማና በሁለት የደረቅ አስፋልት ጎማ ያንኑ ኩርባ ከባላንጣው በፈጠነ ሰዓት ማለፍ አሁንም ይጠበቅበታል።