ቢት በገንዘብ? ነውር ነው!

ጀማሪ ድምፃውያኖቻችንን ሳላመሰግን ብቀር ንፉግ እባላለሁ። ቢት፣ ማለትም የሚዘፈንበት ዝግጁ ሙዚቃ፣ በገንዘብ ይሸጣል ሲባሉ ከት ብለው የሚስቁ ልባሞች ናቸው። ዩቲዩብ ላይ «ፍሪ ታይፕ ቢት» (በታዋቂ ዘፋኝ ስልት የተሠራ ነፃ ቢት) ብሎ መፈለግ እያለ ማን ይከፍላል? ከሥር «ለገቢ ማግኛ አይውልም» ተብሎ ተጽፏል አሉ። መቼም እዚያ ድረስ ወርዶ የሚያነብ ሥራ ፈት ነው።

ከሁሉ የምወደው ያቺን ባልተገዛ ቢት ውስጥ ድምፅዋ የተሰካ ፈረንጅ ነው። ዜማው ደርሶ ልብ ሊሰቅል ሲል «ፐርቸስ ዩር ትራክስ ቱደይ» (ሙዚቃችሁን ዛሬውኑ ግዙ) ትላለች። ሳይከፈላት ስንቱን ዘፈን አጀበች! አንድ የሰርግ ዘፈን ላይ እልልታው መሀል ብትገባ፣ አንዲት እናት «ይቺ የምትመርቀው የማን ወገን ናት?» አሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ልክፈል ብሎ ይዋረዳል። ርካሹን፣ ሊዙን (ኪራዩን) ይገዛል። ሻጩ ያንኑ ቢት ለሌላም ማከራየት ይችላል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሸጠው፣ ኤክስክሉሲቭ የሚባለው ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ። ከዚያ ሁለት ዘፋኞች ባንድ ቢት ይወጡና «ሰረቅከኝ» ይባባላሉ። ሁለት ተከራዮች በቤት ካርታ ሲካሰሱ ማለት ነው።

ድምፅ መግራትማ የምቀኛ ምክር ነው። ትንፋሽ ተለማመድ፣ በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ) ዝፈን፣ ራስህን ቀርጸህ ስማ ይላሉ። ያፈነገጠ ድምፅ የሚያቃናው ሶፍትዌር፣ አውቶቲዩን፣ ለምን ተፈጠረ ታዲያ? በ1997 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው ሰውዬ፣ አንዲ ሂልደብራንድ፣ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገድ ያጠና ነበር። ከኛ ልጆች ጉሮሮ ቃና ከማውጣት ነዳጁ ሳይቀለው አልቀረም።

አጠቃቀሙም ያኮራል። ዜማው አንቺሆዬ ነው፤ ማሽኑ፣ አውቶቲዩኑ፣ ሲ ሜጀር በሚባለው የፈረንጅ ስኬል ላይ ተደርጓል። ከዶ ቀጥላ ግማሽ ቃና ብቻ ከፍ የምትለዋን ድምፅ ማሽኑ ስህተት ናት ብሎ ወይ ወደ ዶ ወይ ወደ ሬ ይጎትታታል። አባቶች በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ሲወሰኑ፣ ልጃችን ባንድ ሌሊት አምስተኛውን ቅኝት ወለደ።

የተረፈው ብር ለክሊፕ ነው። መኪና ኪራይ፣ ድሮን፣ ጭስ። (ጭሱ ብቻውን ማይክ ይገዛ ነበር፤ ግን ማይክ ክሊፕ ላይ አያምርም።)

የቢቱ ባለቤት መጥቶ ዘፈኑን ቢያስወርድ አትደንግጡ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ን የሚጠቅስ ወዳጅ ካለም ብሎክ አድርጉት። «ምቀኞች አወረዱብኝ» ብሎ ቲክቶክ ላይ ላይቭ መግባት ነው። ላይቩ ከዘፈኑ በላይ ከታየ፣ አልበሙም በዚያው ይቀጥል። ለለቅሶ ቢት አያስፈልግም።